መሀል ከተማ የተከፈተው የውጭ ምግብ ቤት የማን ነው?

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለሆኑ፣ የዚህን እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያላቸው የፈጣን ምግብ ድርጅቶች ወደ አዲስ አበባ መሀል መምጣታቸውና አመጣጣቸው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም እንደ ልማዳችን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ኬኤፍሲ ናይሮቢ ከገባ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን ፒዛ ሃት እስኪመጣ ድረስ ስሙ የታወቀ የአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤት አይቼ አላውቅም። የከለከላቸው መንግሥት ነው ወይስ እነርሱ ናቸው ያልፈለጉን? ፒዛ ሃትስ በየትኛው በር ገባ? (ከገርጂ)

መልስ፦ ሕጉ አንድ በር ዘግቷል፤ ሌላው ግን ሁልጊዜም ክፍት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ምግብ ቤትን፣ ሻይ ቤትን፣ ቡና ቤትን፣ መጠጥ ቤትን፣ የምሽት ክበብንና የምግብ ዝግጅት አገልግሎትን ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ብቻ ከልሏል። ከክልከላው ውጪ የሆነው የኮከብ ደረጃ የተሰጠው የባህል ምግብ ቤት ነው። ስለዚህ በደንቡ መሠረት አንድ የውጭ ዜጋ የኮከብ ደረጃ ባለው ቤት ዶሮ ወጥ አሠርቶ መሸጥ ሲችል፣ በርገር ጠብሶ መሸጥ ግን አይችልም ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የወጪና የገቢ ንግድን እንዲሁም የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ሲከፍት፣ ብዙ ሰው ምግብ ቤትም አብሮ የተከፈተ መስሎት ነበር። መመሪያው የሚናገረው ግን ስለ ዕቃ ንግድ ነው።

ይህ ሁሉ ታዲያ የውጭ ብራንድ እንዳይመጣ አያግድም። ምክንያቱም እነዚህ ድርጅቶች ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ገንዘብ አውጥተው ምግብ ቤት አይከፍቱም። ስማቸውን፣ የአሠራር መመሪያቸውንና የወጥ ቤታቸውን ሥርዓት ለአንድ የአገሬው ድርጅት በውል ይሰጡታል፤ ይህ ውል ነው ፍራንቻይዝ የሚባለው። ውሉን የሚወስደው ድርጅት መግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ከሽያጩ በየጊዜው ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ ይቆረጥበታል። ድርሻው ከድርጅት ድርጅት ቢለያይም 5 ወይም 6 በመቶ ገደማ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በዚህ ላይ የማስታወቂያ መዋጮ ይጨመራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሮያሊቲ የሚሰላው ከትርፍ ላይ ሳይሆን ከሽያጭ ላይ መሆኑን ነው። ምግብ ቤቱ ቢከስርም ባለብራንዱ ድርሻውን ያገኛል።

ፒዛ ሃት የገባው በዚሁ በር ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ካንሳስ ውስጥ በምትገኘው የዊቺታ ከተማ ዳን እና ፍራንክ ካርኒ የተባሉ ወንድማማቾች ከእናታቸው በተበደሩት 600 ዶላር የጀመሩት ሲሆን፣ ዛሬ ባለቤትነቱ የኬኤፍሲም ባለቤት የሆነው የያም ብራንድስ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2010 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ግን ካንሳስም ሆነ ያም ብራንድስ አይደለም፤ በላይአብ ፉድስ የተባለ የአገር ውስጥ ድርጅት ነው። ቤቱን የሚከራየው፣ ደመወዝ የሚከፍለው፣ ግብር የሚገብረው፣ ቢከስርም የሚከስረው ይኸው የአገር ውስጥ ድርጅት ነው። በመሆኑም «አሜሪካኖቹ ገቡ» የሚለው ወሬ በከፊል ብቻ ትክክል ነው፤ የገባው ስሙና ሥርዓቱ ነው።

ታዲያ ሌሎቹ ለምን ዘገዩ ለሚለው ዋናው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው ብለን እናምናለን። ሮያሊቲ በዶላር ወደ ውጭ ይላካል፤ የዳቦ ምድጃውና መጥበሻው በባለብራንዱ ከተፈቀደለት አምራች መገዛት አለበት፤ አንዳንዱ ቅመምና ማሸጊያም ከውጭ ይመጣል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ዶላር በባንክ ለማግኘት ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቅ ነበር። ለብራንዱ ባለቤት ደግሞ ክፍያው መቼ እንደሚደርሰው የማይታወቅ ውል አያጓጓም። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲተው ዶላር ለማግኘት የነበረው ችግር ቀለል ያለ ቢሆንም፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሮያሊቲው በመቶኛ ስለሚሰላ ሸክሙ ብዙም አልተለወጠም፤ ከውጭ የሚገዛው ምድጃና ግብዓት ግን በእነዚያ ሳምንታት በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ይህ ጭማሪ መጨረሻ ላይ ያረፈው በምግብ ዝርዝሩ ዋጋ ላይ ነው።

ማክዶናልድስን በተመለከተ፣ ድርጅቱ በአፍሪካ ብዙ ቦታ እንደሌለ ይታወቅ። ሞሮኮ፣ ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካና ሞሪሺየስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የተዘለለችው ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፤ ናይሮቢና ሌጎስም ያው ናቸው።

ጥያቄ፦ ሀያ ሁለት አካባቢ ቁርስ ቤት አለኝ። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር እሠራለሁ። አከራዬ የሕንጻውን ግራውንድ ለአንድ ስመ ጥር የምግብ ድርጅት ለማከራየት ንግግር እንደ ጀመረ ነግሮኛል። ደንበኞቼን ይወስዱብኛል ብዬ ሰግቻለሁ። ምን ይመክሩኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የሚያሰጋው ግን ሌላ ይመስለናል። ጠዋት ፉል በልቶ ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው ከሰዓት በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ፒዛ ቢበላ ከእርስዎ የሚቀንሰው ነገር የለም። ሰዓቱም፣ ዋጋውም፣ ምክንያቱም የተለያየ ነው። ትልቅ ስም ይዞ የመጣ ሁሉ የአገሬውን ልማድ እንደማያሸንፍም ማስረጃ አለ። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ቴል አቪቭ ላይ ቡና ቤቶች ከፍቶ በ2003 ስድስቱንም ዘግቶ ወጥቷል፤ ከተማዋ ቀድሞውኑ የራሷ የቡና ልማድና የራሷ ካፌዎች ነበሯት። በደቡብ አፍሪካም የዶሚኖስ ፒዛን ውል የያዘው ኩባንያ ከምግብ ሥራ ሲወጣ የዶሚኖስ መደብሮች እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግተዋል። በአንጻሩ እኛው ከተማ ውስጥ ቶሞካ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቆሞ ቡና እየሸጠ ነው፤ ካልዲስም የውጭ ካፌዎችን አሠራር አጥንቶ፣ በአገር ውስጥ ባለቤትነት በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ዘርግቷል።

እርስዎን የሚያሰጋዎት ኪራዩ ነው። ትልቅ ድርጅት ለአንድ ሕንጻ ባለቤት ሁለት የሚያማልሉ ነገሮችን ይዞ ይቀርባል፤ ረጅም ውልና ቅድሚያ ክፍያ። ግራውንዱ በዚህ ዋጋ ሲከራይ፣ ከጎንና ከላይ ላሉት ክፍሎችም የመነጋገሪያው መነሻ ዋጋ አብሮ ከፍ ይላል። እንዲህ ባለው ቦታ ትንንሽ ቤቶች የሚዘጉት ደንበኛ አጥተው ሳይሆን ውላቸው ሲያልቅ አዲሱን ዋጋ መክፈል አቅቷቸው ነው፤ የተዘጉበት ምክንያት ግን «ፒዛው በላቸው» ተብሎ ይወራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ብቻ መሆኑን ብዙ ነጋዴ አያውቅም። የንግድ ቤት ተከራይ በዚያ አዋጅ የተደነገገው የጭማሪ ገደብም ሆነ ሌላው ጥበቃ የለውም። ጥበቃው ውልዎ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

ስለዚህ አከራይዎ ከድርጅቱ ጋር ሳይፈራረም ውልዎን አውጥተው ይመልከቱት። የቀረው ጊዜ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ዛሬውኑ ለማሳደስ ይጠይቁ፤ አሁን እርስዎ የታወቁ ተከራይ ነዎት፣ ሌላው ገና በወሬ ላይ ያለ ነው። በአዲሱ ውል ላይ ዘመኑ፣ ዓመታዊ ጭማሪው ከስንት በመቶ እንደማይበልጥ፣ ልቀቁ ለማለት ስንት ወር ቀደም ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ እንደሚያስፈልግ ተለይቶ ይጻፍ፤ ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። ሲገቡ የቁልፍ ብር ከፍለው ከሆነና ደረሰኝ ከሌለዎት፣ ያንን ገንዘብ አስመልሳለሁ ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ በአደባባይ የሚታወቅ ልማድ ቢሆንም በወረቀት ላይ የሌለ ነገር ነው። አከራይዎ እሺ ካላለ፣ ቦታ መፈለግ የሚጀመረው ውሉ ሳያልቅ ነው። አንድ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ መንገድ መግባት ለፒዛ ቤት ሞት ሊሆን ይችላል፤ ቁርስ ቤት ግን ደንበኛው ተከትሎት ይሄዳል፤ ለዚያ ከመልቀቅዎ በፊት አዲሱን ቦታ ለደንበኞችዎ መንገር ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ውስጥ የወተት ላሞች አሉኝ። በዐቢይ ጾም ወተቴን የሚገዛኝ አጣለሁ፤ በርካሽ እሰጣለሁ ወይም ቅቤ አወጣበታለሁ። ትልልቅ ፒዛ ቤቶች ቢበዙ ለእኛ ለአርቢዎች ገበያ ይሆኑልናል? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በራሳቸው ፈቃድ ግን አይሆኑም። ነገሩን በቁጥር እንጀምር። አንድ ኪሎ ሞዛሬላ ቺዝ ለማውጣት 10 ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል። መካከለኛ ፒዛ ላይ ከ150 እስከ 200 ግራም ቺዝ ቢደረግ፣ አንዱ ፒዛ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ወተት ይጠጣል ማለት ነው። በቀን 100 ፒዛ የሚሸጥ ቅርንጫፍ አለ ብለን ብናስብ (ይህ ለስሌት ያህል ነው እንጂ የማንም ሽያጭ አይደለም) ከ150 እስከ 200 ሊትር ወተት ይወስዳል። ይህ የጥቂት ጥሩ ጥሩ የውጭ ዝርያ ላሞች የቀን ምርት ነው። አሥር ቅርንጫፍ ሲሆን የአንድ ሰፈር አርቢዎችን ወተት ይሸፍናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ወተት በሚተርፍዎት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ፣ ቺዝ ያለበት ፒዛም የሚበላው ሰው ይቀንሳል። ጾሙ ወተትዎንና ፒዛውን በአንድ ቀን ነው የሚያስቀራቸው። ስለዚህ ፒዛ ቤት ትኩስ ወተት ከሚሸጡለት ደንበኛ የተሻለ የሚሆነው፣ በመሀል ወተቱን ወደ ቺዝ ለውጦ በብርድ የሚያቆይ ሰው ሲኖር ነው። ሞዛሬላ ተከትፎ ሲቀዘቅዝ ለወራት ይቆያል። በጾም የተመረተው ቺዝ ለፋሲካ ሰሞን ሊሸጥ ይችላል። እኛ እንደምናየው በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቁ ጥቅም ያለው ከላሙም ከፒዛ ቤቱም ይልቅ በማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ በዚያ ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ማኅበር ወይም ነጋዴ ቢኖር የእርስዎ ዋጋ በጾምም አይወድቅም ነበር።

ሁለተኛው ነገር መስፈርቱ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ከአርቢ በቀጥታ አይገዙም፤ የሚገዙት ተፈትሾ ከጸደቀ አቀነባባሪ ነው። አቀነባባሪው ደግሞ የወተቱን የስብ መጠን፣ የባክቴሪያ ብዛት፣ ላሟ ታክማ ከሆነም የመድኃኒት ቅሪት መኖር አለመኖሩን ይለካል። የጡት በሽታ መርፌ የተወጋች ላም ወተት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ቢገኝ የዕለቱ ወተት በሙሉ ሊጣል ይችላል። ጎረቤታችን ኬንያ ይህ መስፈርት ምን ያህል እንደሚከብድ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ኬኤፍሲ ኬንያ ውስጥ የተጠበሰ ድንች አለቀበት፤ ምክንያቱም ድንቹ የሚመጣው በመርከብ ከውጭ ነበርና ጭነቱ ዘገየ። ድንች በብዛት የምታመርት አገር ድንች አጣች መባሉ ሕዝቡን አስቆጣ፤ ከኬኤፍሲ አትግዙ የሚል ዘመቻም ተነሣ። የኩባንያው መልስ የአገሬው ድንች አቅራቢዎች የጥራት ማረጋገጫውን አላለፉም የሚል ነበር፤ ከዘመቻው በኋላ ግን ከአገር ውስጥ ለመግዛት እሠራለሁ አለ። ለዐሥር ዓመት ያህል አገር ውስጥ ሲነግድ ይህን ያላሰበበት ማንም ስላላስገደደው ነው። እኛም የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ጉደኔ፣ ጃለኔና በለጠ የተባሉ የድንች ዝርያዎች አሉን፤ ለጥብስ የሚፈለገው ግን ረዘም ያለ፣ ውኃው ያነሰና ስኳሩ ዝቅ ያለ ድንች ነው፤ ገዢው ይህን አስቀድሞ ካልነገረና ካልተዋዋለ ገበሬው በራሱ ገምቶ አይዘራውም።

ተቃራኒው ምሳሌ ሞስኮ ናት። ማክዶናልድስ ፑሽኪን አደባባይ ላይ የመጀመሪያውን ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1990 ሲሆን በዚያ ቀን ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሰው እንደ ተስተናገደ ይነገራል። ሰልፉ በዓለም ሁሉ ታይቷል፤ ከሰልፉ በፊት የተሠራው ሥራ ግን ብዙ አልተወራለትም። ድርድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በሶቪየት ገበያ እንደሚፈለገው ያለ ሥጋ፣ ዳቦና ድንች አስተማማኝ በሆነ መንገድ ስላልነበረ፣ ኩባንያው ከከተማው ዳር ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የራሱን የምግብ ማቀነባበሪያ ገነባ፤ ገበሬዎችንም ለጥብስ የሚሆን የድንች ዝርያ እንዲያመርቱ አስተማረ። ከ32 ዓመት በኋላ በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት ማክዶናልድስ ሩሲያን ለቅቆ ሲወጣ 850 ያህሉን ምግብ ቤቶቹን የአገሬው ነጋዴ ገዛቸው፤ በሰኔ 2022 በሌላ ስም ተከፈቱ። ታፔላው ሲወርድ የአቅራቢዎቹ መረብ በዚያው በአገሩ ቀረ።

ስለዚህ ለእርስዎ የምንመክረው ብቻዎን ወደ ፒዛ ቤት እንዳይሄዱ ነው። በከተማዎ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ልምድ የቆየ ስለሆነ በማኅበር በኩል ወደ አቀነባባሪ ይቅረቡ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ይጀምሩ፤ ላሞችዎ የታከሙበትን ቀንና የተሰጣቸውን መድኃኒት በደብተር ይመዝግቡ፣ የጠዋትና የማታ ወተትዎንም ሳይቀላቅሉ ያስለኩ። ገዢ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስገባ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ አላውቅም። የጾም ነው የተባለውም በእርግጥ የጾም መሆኑን እንዴት አውቃለሁ? (ከደሴ)

መልስ፦ ከደሴ መምጣቱ አያስደንቅም፤ በአንድ ገበታ የተለያየ ሃይማኖት ያለው ወዳጅ የሚቀመጥበት አገር ነውና። በሌሎች አገሮች እነዚህ ድርጅቶች የሃላል ማረጋገጫ ካገኙ ጉዳዩን ያለቀ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ሌላው ደንበኛ ሃላሉን ይበላልና። በኢትዮጵያ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የራሱን እርድ ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ቄራም የሚያርደው ለይቶ ነው። የዓለም አቀፉ ድርጅት መመሪያ ይህን አያውቀውም። ስለዚህ ምግብ ቤቱ የትኛውን እንደሚጠቀም ገዢው የመጠየቅ፣ ሻጩም በግልጽ የመንገር ግዴታ አለበት ብለን እናስባለን። መልሱ ካላረካዎት የአትክልቱን ይዘዙ።

ስለ ጾሙ፣ «ቺዝ የለውም» ማለትና «የጾም ነው» ማለት አንድ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። በፋብሪካ መልክ በሚዘጋጅ ሊጥ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የወተት ዱቄት ይገባል፤ የዳቦው ገጽ እንዲያምር እንቁላል ወይም ቅቤ ይቀባል፤ መቁረጫውና ማውጫው ከፍስኩ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ካፌዎች የውጭ ብራንድ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ የጾም ፒዛ ሲሠሩ ስለኖሩ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አዲስ የገባውን ግን ስለ ሊጡ ለይተው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በርገር ቤት ልከፍት ነው። የታወቀ የአሜሪካ ድርጅት ስምና ቀለም ብጠቀም ማን ይከሰኛል? እነርሱ እዚህ የሉም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይጠቀሙ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 በአገራችን ያልተመዘገበ ቢሆንም እንኳ በሰፊው የታወቀን ምልክት ይጠብቃል፤ አንድ ምልክት ሲመዘገብ ደግሞ ለ7 ዓመት የሚጸናና የሚታደስ ነው። ዛሬ ባይከሱዎት እንኳ ቤትዎ በታወቀ ማግሥት ውል የያዘ የአገር ውስጥ ድርጅት መጥቶ ታፔላዎን ያስወርዳል። ያን ጊዜ ደንበኛ ያወቀዎት በሰው ስም ነውና ከባዶ ይጀምራሉ። በዚያው ወጪ የራስዎን ስም ያስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ልጄ በእንዲህ ዓይነት ቤት ሥራ ልትቀጠር ነው። ደመወዙ በሕግ የተወሰነ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም። በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን የለም፤ የብራንዱ ትልቅነትም ደመወዙን አያስጨምረውም፤ ቀጣሪዋ የአገር ውስጥ ድርጅት ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜዋ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ፣ መደበኛ የሥራ ሰዓቷም በሳምንት ከ48 እንዳያልፍ ይደነግጋል። የምታገኘው ሥልጠና እውነተኛ ጥቅም ስለሆነ በምስክር ወረቀት እንዲሰጣት ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነኝ። ያጠራቀምነውን ገንዘብ ከወንድሜ ጋር አዋጥተን አንድ የአሜሪካ የዶሮ ጥብስ ብራንድ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት እንፈልጋለን። የውጭ ዜጋ መሆኔ ያግደኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ፓስፖርትዎ ብቻውን አያግድዎትም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆኑ የውጭ ዜጎች መታወቂያ አውጥተው በርካታ መብቶች እንዲያገኙ ፈቅዷል፤ በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠሩ ይችላሉ። እንደዚያ ሲሆን ምግብ ቤት ለእርስዎም ክፍት ነው፤ ከውጭ ባለሀብት የሚጠየቀው የ200 ሺህ ዶላር ዝቅተኛ ካፒታልም አይመለከትዎትም። በዚያው ልክ፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ማለት ለውጭ ባለሀብት የተሰጠውን ትርፍንና ካፒታልን በውጭ ምንዛሪ የማውጣት መብት ላይኖርዎት ይችላል ማለት ስለሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይህን ከጠበቃ ጋር ይመዝኑት። የሮያሊቲ ክፍያም በባንክ በኩል እንዲላክ ውሉ አስቀድሞ በሚመለከተው የመንግሥት አካል መመዝገብ ይኖርበታል፤ ይህን ሳያደርጉ መክፈል ጀምረው በመሀል ቢቆም ውል ያፈረሱት እርስዎ ይሆናሉ።

ዶሮውን በተመለከተ፣ የጥብስ ድርጅቶች የሚፈልጉት በተመሳሳይ ዕድሜና ክብደት የታረደ የሥጋ ዶሮ ነው። በየገበያው የሚሸጠው የሐበሻ ዶሮ ለዚህ አይሆንም። ቢሾፍቱ አካባቢ ለሥጋ የሚያረቡ ድርጅቶች ቢኖሩም፣ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ዶሮ በሳምንት እንደሚያስፈልግዎ አስልተው፣ ያንን ማቅረብ የሚችል በጽሑፍ ካልተዋዋለልዎ ቤት ለመከራየት አይቸኩሉ።

በመጨረሻ አንድ የተሳሳተ እምነት እንዳይዝዎት። አሜሪካ ውስጥ ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ኩባንያ ውል ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት ዝርዝር የመረጃ ሰነድ ለገዢው እንዲሰጥ የፌዴራሉ ሕግ ያስገድደዋል። ሕጉ የሚሠራው ግን አሜሪካ ውስጥ ለሚከፈት ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ለሚከፍቱት ቤት ኩባንያው ይህን ሰነድ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ቢሆንም ሰነዱ ለአሜሪካ ገዢዎች በየዓመቱ ስለሚዘጋጅ ይጠይቁትና 20ኛውን ክፍል ያንብቡ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ቤቶች እንደተከፈቱ፣ ስንቶቹ እንደተዘጉና ስንቶቹ ባለቤት እንደቀየሩ በሠንጠረዥ ተዘርዝሮ ያገኙታል።